በድምፅ መሣሪያዎች መካከል ስለሚዘረጋ ገመድና ስለ መሬት መስመር



አቃቂ ቃሊቲ ድምፅን በኤሌክትሪክ ከማስተላለፍ ሥራ ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው አካባቢ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመያዙ አስቀድሞ በአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ተቋቁሞ የነበረ ሲሆን፣ የአጎራባቹ የነፋስ ስልክ ስምም ያለ ሽቦ የሚላከውን መልእክት የሚያስታውስ ነው። ዛሬ ደግሞ በየአዳራሹ፣ በየጸሎት ቤቱና በየሠርጉ ድንኳን ሞንታርቦ የሚተከልበት፣ በአንጻሩም የፋብሪካ ሞተርና የብየዳ መሣሪያ የሚሠራበት ሥፍራ ነው። ከ50 ኸርዝ የኃይል መስመር የሚመነጨው ጉምጉምታ በድምፅ ማጉያው ውስጥ ሲሰማ፣ አያሌ ሠራተኞች የመጀመሪያ መፍትሔ አድርገው የሚወስዱት በተለምዶ ኧርዝ የሚባለውን የመሬት መስመር ከስፒናው መቁረጥ ነው። ጉምጉምታው ይጠፋል። ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር የሰው ሕይወት ጠባቂም አብሮ ይጠፋል። የዚህ ንግግር ዓላማ መፍትሔው ከስፒናው ሳይሆን ከድምፅ ገመዱ ዘንድ እንደሚገኝ ማስረዳት ነው።

ሚዛናዊ መስመር የሚባለው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዘው፣ በዙሪያቸው ሺልድ የተባለውን ጥልፍ ሽቦ ለብሰው የሚዘረጉበት ነው። ሐሳቡ የመነጨው ከስልክ ሥራ ሲሆን፣ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ተጠማዝዞ ለሚዘረጋው ጥንድ ሽቦ በ1881 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቷል። ከኃይል መስመር የሚመጣው ረብሻ ሁለቱንም ሽቦዎች በእኩል መጠን ይነካል። ተቀባዩ መሣሪያ የሚያጎላው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ በመሆኑ የጋራ የሆነው ረብሻ ይጣፋል። ይህም የሚሆነው ሁለቱ ሽቦዎች ወደ መሬት ያላቸው ኢምፒዳንስ እኩል ሲሆን ነው።

ሚዛናዊ ባልሆነው መስመር ግን ድምፁ በአንድ ሽቦ ሄዶ በሺልዱ ይመለሳል። በመድረክ ላይ ያለው መሣሪያ ከአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ ካለ ሌላ ሶኬት ኃይል ሲያገኙ፣ በሁለቱ ሶኬቶች መሬት መካከል ያለው ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት በሺልዱ ውስጥ ከረንት እንዲያልፍ ያደርጋል። ለምሳሌ ያህል የሺልዱና የማያያዣዎቹ ሬዚስታንስ ግማሽ ኦም፣ የሚያልፈውም ከረንት 10 ሚሊአምፔር ቢሆን፣ 5 ሚሊቮልት ረብሻ ይፈጠራል። ይህ ለቤት መሣሪያዎች ከተለመደው 0.316 ቮልት በ36 ዴሲቤል ብቻ ያነሰ ነው። ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ጉምጉምታው ይሰማል ማለት ነው።

እንግዲህ ሚዛናዊ ካልሆነ መሣሪያ ወደ ሚዛናዊ መግቢያ ሲሄድ ባለ ጥንድ ሽቦ ገመድ መጠቀም ይገባል። አንደኛው ሽቦ ከሞኖ ጃኩ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ኤክስ ኤል አር ማያያዣው 2ኛ ፒን፣ ሁለተኛው ከጃኩ እጀታ ተነሥቶ ወደ 3ኛው ፒን ይሄዳል። ሺልዱ በአንድ ወገን ከእጀታው፣ በሌላው ወገን ከ1ኛው ፒን ጋር ይታሠራል። በዚህ አኳኋን በመሬቶች መካከል የሚዘዋወረው ከረንት በአብዛኛው በሺልዱ ሲያልፍ፣ ድምፁ የራሱ ጥንድ መንገድ ይኖረዋል።

ከሚዛናዊ መውጫ ወደ ሌላው ዓይነት መግቢያ ሲሄድ ግን የመውጫውን ዓይነት አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። መውጫው ትራንስፎርመር ያለው ከሆነ 3ኛው ፒን ከ1ኛው ጋር መታሠር አለበት፤ አለበለዚያ የከረንቱ ዙር አይሞላም። በአንዳንድ የኤሌክትሮኒክ መውጫዎች ግን 3ኛውን ፒን ከመሬት ማሠር መውጫውን ስለሚያጨናንቅ፣ ፒኑ ሳይታሠር ይተዋል። ስለሆነም የመሣሪያውን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው። የድምፁ ልክም መታየት አለበት፤ የባለሙያ መሣሪያዎች ልክ 1.23 ቮልት ገደማ፣ ማለትም ከቤት መሣሪያዎች አራት እጥፍ የሚጠጋ በመሆኑ፣ ሳይቀነስ ቢገባ ድምፁ ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጉምጉምታው ካልጠፋ፣ መሣሪያዎቹን በሙሉ የመሬት መስመር ካለው ከአንድ ማከፋፈያ ኃይል እንዲያገኙ ማድረግ፣ ወይም በድምፅ መስመሩ ላይ አንድ ለአንድ ትራንስፎርመር ማስገባት ይቻላል። ትራንስፎርመሩ ድምፁን በማግኔት ኃይል ያሻግራል፤ በሁለቱ መሬቶች መካከል ግን የሽቦ ግንኙነት አይኖርም። የስፒናው መሬትም ሳይነካ ይቀራል።

የመሬት መስመር ሲቆረጥ የሚደርሰው አደጋ ምን ዓይነት ነው? በአንድ መሣሪያ ውስጥ የ220 ቮልት ሽቦ ተልጦ የብረት አካሉን ቢነካ፣ የመሬት መስመሩ ካለ ከፍተኛ ከረንት ስለሚያልፍ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ኃይሉም ይቋረጣል። መስመሩ ከተቆረጠ ግን ብረቱ ኃይል እንደያዘ ይቆያል። በአንድ እጁ መሣሪያውን ይዞ በሌላው ማይክሮፎን የሚጨብጥ ሰው ለከረንቱ መተላለፊያ ይሆናል። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ ግንቦት 1972 እ.ኤ.አ. በዌልስ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ሳለ፣ ከመሬት በአግባቡ ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል።

በአገራችን ባለ ሁለት እግር ስፒናና መሬት አልባ ማከፋፈያ በብዛት በሥራ ላይ በመሆናቸው፣ ጉዳዩ በተለይ እኛን ይመለከታል። በየአዳራሹ ገመድ የሚዘረጋው ወጣት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ከቀደመው ሠራተኛ እጅ ነው። የማኅበሩ አባላት ለዚህ ወጣት ሊያስተላልፉት የሚገባው ትምህርት አጭር ነው፤ ጉምጉምታ ሲሰማ መበየጃውን አንሥቶ ወደ ድምፅ ገመዱ ይሂድ፤ ከስፒናው ላይ ግን መቁረጫውን ያንሣ።