ከማፍረሳችን በፊት
በጠቅላላ ጉባኤያችን የቀረበ ንግግር



ባለፈው ወር አራት ሆነን ሐረር ጁገል ውስጥ በታደሰ የሐረሪ ቤት ሁለት ሌሊት አደርን። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በዋናው ክፍል ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። ያስተናገዱን እናት ቤቱን ሊሸጡት ነበር። ዛሬ ከእንግዳ በሚያገኙት ልጆቻቸውን ያስተምራሉ፤ ጎረቤቶቻቸውም ስፌታቸውን እዚያው ይሸጣሉ።

ጠዋት ገበያ ወጥተን ቡና ስንገዛ ሁላችንም ያሰብነው የማኅበራችንን አሮጌ ቤት ነበር። አምና «ይፍረስ» ብለን እጅ ያወጣነው እኛው ነን። አሁን ሐሳባችንን ለውጠናል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ግድግዳው ግን ጠንካራ ነው። እባካችሁ፣ መጀመሪያ አንዷን ክፍል አድሰን እንግዳ እናሳድርባት።