ኢንተርኔትን ለጎረቤት ስለ ማዳረስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ተማሪ ሳለሁ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የእንግዶችን ንግግር ሳደምጥ፥ አንድ ቀን እኔም እዚህ እቆማለሁ የሚል አሳብ አልነበረኝም። የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ሥራዬ እንድናገር ስለ ጠየቀኝ በአጭሩ እገልጻለሁ። ሥራዬ በልደታ ኮንዶሚኒየም ከሚገኙት ሕንጻዎች በአንዱ ኢንተርኔትን ለየቤቱ ማዳረስ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር።

ኢንተርኔት ለአገራችን ሕዝብ መሰጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ በስልክ ሽቦ የሚመጣና ከጥቂት መሥሪያ ቤቶች በቀር ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነበር። ዛሬ የፋይበር መስመር እስከ ሕንጻችን ምድር ቤት ይደርሳል። ችግሩ ያለው ከዚያ በላይ ባሉት ፎቆች ነው።

እኔ ከእናቴ ጋር በ4ኛው ፎቅ እኖራለሁ። በመጀመሪያ በሴኮንድ 50 ሜጋቢት የሚያመጣ አንድ መስመር አስገባሁ። ሁለት ጎረቤቶች ክፍያውን እንካፈል አሉኝ፤ ተካፈልን። ቀጥሎ ሦስተኛው መጣ፤ አሥረኛውም መጣ። ዓመት ሳይሞላ 40 ቤት ሆነ። ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ ስቀበል፥ ነጋዴ ሆንሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ተማሪዎች፥ እስቲ ሒሳቡን ከእኔ ጋር አስሉት። 50 ለ40 ሲካፈል ለአንድ ቤት 1 ከሩብ ይደርሳል። ጥራት ያለው ፊልም ለማየት ግን 5 ሜጋቢት ያህል ያስፈልጋል። እንግዲህ በአንድ ጊዜ በደኅና ማየት የሚችሉት 10 ቤቶች ብቻ ናቸው። ቀን ሰው በሥራና በትምህርት ስለሚውል ጉድለቱ አይታይም፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሁሉም በአንድነት ይከፍታል፥ ሁሉም በአንድነት ይናደዳል። በእጅ ካለው በላይ መሸጥ በዚህ ንግድ ዘንድ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይጠቀም በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። ነውሩ ልኩን አለማወቅ፥ አውቆም ለከፋዩ መደበቅ ነው። እኔ በፊተኛው ጀምሬ በሁለተኛው ቀጠልሁ።

በ3ኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት የ12ኛ ክፍል ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቱ ወደ ውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ስትሞላ ሰንብታ፥ የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ማመልከቻው የሚዘጋው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነበር። ወረቀቶቿን ለመላክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምራ ብትሞክር አልሄድ አላት። የስልኳም የኢንተርኔት ጥቅል አልቆ ነበር። ሰዓቱ አለፈ። በማግሥቱ እናትዬው በደረጃው ላይ አገኙኝና፥ «ልጄ፥ እንደማይበቃን አስቀድመህ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በዚያ ሰሞን ጥፋቱን በአየሩ ላይ አላክኬ ነበር፤ አየሩም በከፊል ጥፋት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1971 በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ አሎሃኔት በተባለው መረብ በልዩ ልዩ ደሴቶች የሚገኙትን ተጠቃሚዎች በራዲዮ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ። ደንቡ እንዲህ ነበር፤ መልእክት ያለው ይልካል፤ ሁለት መልእክቶች ቢጋጩ ሁለቱም ይጠፋሉ፥ ላኪዎቹም የተለያየ ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይልካሉ። በሒሳብ ሲታይ በዚህ አሠራር ከመስመሩ አቅም ለቁም ነገር የሚውለው ቢበዛ ከ100 እጅ 18 ያህሉ ነው። የዛሬው ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ስለሚያዳምጥ ከዚያ ይሻላል። ነገር ግን ብዙ ተናጋሪ በተሰበሰበበት ስፍራ ሲያዳምጥ ያመሻል እንጂ የሚናገርበት ጊዜ አያገኝም። አስተማሪ ሲጠይቅ 60 ተማሪ በአንድነት የሚመልስበትን ክፍል ታውቁታላችሁ!

በእኛ ሕንጻ ራውተር የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት መተላለፊያዎች ደግሞ 3 ብቻ ናቸው፤ እነዚህም 1ኛው፥ 6ኛውና 11ኛው ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ቦታ አለው፤ ይሁን እንጂ ብሎኬቱና ብረት ያለበት ኮንክሪት ቶሎ ያደክመዋል። እኔ ብልኀት ያገኘሁ መስሎኝ ከውሃው ሮቶ አጠገብ አንድ ኃይለኛ ማሰራጫ ሰቅዬ ነበር። የእርሱ ድምፅ ለሁሉ ተሰማ፤ በየቤቱ ያሉት ስልኮች ግን ደካሞች ስለ ሆኑ መልሳቸው ወደ ጣራው አልደርስ አለ፤ ለጎረቤትም ብጥብጥ ሆነ። አውርጄው በደረጃው በኩል ገመድ ዘረጋሁ፥ በየፎቁም ዝቅተኛ ኃይል ያለው ትንሽ ራውተር አኖርሁ። አየሩ የሚሠራው ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ሆነ። «ገመድ አልባ» በሚባል ሥራ ቀኑን ሙሉ ገመድ ስጎትት በመዋሌ እናቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። መብራት ሲጠፋም እንዳይቋረጥ ለእያንዳንዱ ራውተር 12 ቮልት፥ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አደረግሁለት፤ 5 ሰዓት ያህል ያቆየዋል።

አየሩ ተስተካከለ፤ የ40 ቤት ሒሳብ ግን አልተስተካከለም። በዚህ ላይ ሌላ ጥፋት ነበረብኝ። አንድ ቀን የፊዚክስ መምህሬ የነበሩትን ሰው በልደታ ባቡር ፌርማታ አገኘኋቸውና ሥራዬን በኩራት ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ፈቃድህስ?» አሉኝ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት እንዲህ ያለውን አገልግሎት ለሕዝብ የሚሸጥ ሰው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ወጪ መካፈል ብዬ የጀመርሁት በየትኛው ቀን ንግድ እንደ ሆነ ራሴም አላውቅም። በዚያው ሳምንት ዘጋሁት፤ የቀረውንም ወር ገንዘብ ቤት ለቤት እየዞርሁ መለስሁ። ከሰጡኝ ሰዎች ይልቅ ስመልስላቸው የተቆጡኝ ይበዛሉ።

አሁን የምሠራው ፈቃድ ካለው ድርጅት ጋር ተዋውዬ ነው። መስመሩን ድርጅቱ ያመጣል፤ እኔ በየፎቁ አዳርሳለሁ፥ የተበላሸውንም እጠግናለሁ። በደረጃው መግቢያ ላይ በመስመሩ ስንት ቤት እንዳለና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለእያንዳንዱ ስንት ሜጋቢት እንደሚደርሰው የሚገልጽ ወረቀት በየወሩ እለጥፋለሁ። ልጅቱ ዛሬ እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እናቷ ግን እስከ ዛሬ ከእኔ አገልግሎት አልወሰዱም፤ በደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፥ ወረቀቱንም ቆመው ሲያነቡ አይቻለሁ።

የሳይንስ ክበብ አባላት ልኬቱን በዐይናችሁ ለማየት ብትፈልጉ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመምህራችሁ ጋር ኑ፤ መሰላልና ገመድ አለኝ።