በርካሽ ማሽን ልብ መሳል
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «አጭር ንግግር አድርጊልን» ሲሉኝ ስለ ሙያችን እንድናገር እንደፈለጉ ገብቶኛል። እኔ ግን ስለ ማኪያቶ ላወራችሁ ነው። የደም ግፊቱ ነገር መሃል ላይ ይመጣል፣ አታመልጡትም።

ኢንተርን ሳለን ከሌሊት ተረኛነት ወጥተን ጎንደር ፒያሳ የምንጠጣው ማኪያቶ ትዝ ይላችሁ የለ? ስኳሩን በሦስት ማንኪያ፣ ከላዩ ነጭ አረፋ። አረፋው ላይ ልብና ቅጠል መሳል ያኔ አላየንም። ልማዱን ሲያትል ውስጥ ዴቪድ ሾመር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አስፋፋው፤ አሁን አዲስ አበባ ያሉ ባሪስታዎች ሳያዩ ይሠሩታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ቁሐር ሚካኤል ያለችው እናቴ ስትሮክ ያዛት። ለፋሲካ በመጣሁ ቁጥር የግፊት መለኪያ ይዤ የጎረቤቱን ሁሉ ክንድ ስለካ እውል ነበር። እሷ «እኔስ ደህና ነኝ፣ ይልቅ እነሱን እይልኝ» ስትል አምኜ ሦስት ዓመት ሳልለካት አለፈኝ። ይህን ለሐኪሞች መናገር ለሌላ ሰው ከመናገር ይከብዳል።

ቀኝ እጇ ደከመ። ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ጀበና አዘንብሎ መቅዳት ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሌላ ሰው አፍልቶ ሲያቀርብላት «የሰው ቡና አልጠጣም» ብላ ተወችው። ቡናው ሲቀር ጎረቤቱም ቀረ።

ረጅም ፈቃድ ወስጄ ስመጣ ከአዲስ አበባ ትንሽ የቤት እስፕሬሶ ማሽን ገዝቼ ይዤ ሄድኩ። ከሁሉም ርካሿን። እናቴ ዞር ብላ አይታ «ይሄ የመድኃኒት መርጫ ነው?» አለችኝ።

ካርቶኑ ላይ 15 ባር ይላል፣ አትመኑት፤ ለእስፕሬሶ 9 ባር ይበቃል። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ደቃቁና ድፍርሱ ስለሚደባለቅ አይሆንም፣ የእጅ ወፍጮ ያስፈልጋል። 18 ግራም ቡና፣ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ፣ 36 ግራም ያህል ፈሳሽ። እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

መከራው ወተቱ ላይ ነው። የርካሽ ማሽን እንፋሎት ደካማ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ አየር ያበዛና እንደ ሳሙና የተንቦጫረቀ አረፋ ይሰጣል። ቱቦውን ነቀልኩት። መጀመሪያ የሚወጣውን ውኃ ማፍሰስ፣ ጫፉን ከወተቱ ፊት ጥቂት ብቻ ማጥለቅ፣ ወረቀት ሲቀደድ የሚመስለውን ድምፅ ለጥቂት ሴኮንዶች መስማት፣ ከዚያ ጠለቅ አድርጎ ወተቱን ማሽከርከር። ጆጉ እጅ ሲያቃጥል ማቆም፣ 60 ዲግሪ ግድም ነው። በደንብ የወጣለት ወተት እንደ እርጥብ ቀለም ያብረቀርቃል።

ስንት ሕፃን ደም ሥር በመርፌ ያገኘ እጅ ይህን እንቢ አለኝ! የመጀመሪያው ልቤ ኤክስሬይ ላይ ብታዩት ካርዲዮሜጋሊ የምትሉት ነበር። ሁለተኛው ከነጭራሹ አልታየም።

እናቴ ያበሳጫት ሥዕሉ ሳይሆን የሚደፋው ወተት ነው። «የፎገራ ላም ወተት ለጨዋታ?» ረቡዕና ዓርብማ ነገሩ ባሰ። መፍትሔው በውኃ ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጎ መለማመድ ነው፤ አረፋው ከወተት ጋር ይመሳሰላል። በጾም ቀን ቁጭ ብዬ የሳሙና ውኃ ስኒ ላይ ስቀዳ አይታ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ጣልቃ መግባት ጀመረች። አንድ ቀን ወተቱ ጨርሶ አረፋ አልይዝ አለኝ። ጆጉን አሽትታ «ይሄማ ያደረ ነው፣ የዛሬውን አምጪ» አለች። ልክ ነበረች፤ ወተት ሲቆይ ቅባቱ መፈራረስ ይጀምርና አረፋውን ይሰብረዋል። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነው የምጠቀመው። እንፋሎቱ ለብሩሴሎሲስና ለላም ቲቢ ዋስትና አይሆንምና። ወተቱ የሚታለብበት ዕቃ በወይራ የታጠነ ስለሆነ ማኪያቶው ጭስ ጭስ ይላል። ይህን ጣዕም አዲስ አበባ አታገኙትም።

ጆጉን በሁለት እጇ አስይዣት መቅዳት ጀመርን። ስትሮክ የመታው እጅ ደጋግሞ የሚሠራው እውነተኛ ሥራ እንደሚያስፈልገው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የፊዚዮቴራፒዋን ኳስ ግን «የልጅ መጫወቻ» ብላ ወርውራዋለች። ከፍ አድርጎ በቀጭኑ መጀመር፣ ስኒው ሲጋመስ አፉን ዝቅ ማድረግ፣ ነጩ ሲወጣ ከፍ ብሎ መሃሉን መሰንጠቅ። መብራት ሲጠፋ ትምህርት የለም፣ እሱም ብዙ ጊዜ ነው።

በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት መሃሉ የተሰነጠቀ ነጭ ነገር ወጣላት። «እማዬ፣ ልብ ሠራሽ!» ብዬ ጮህኩ። ስኒውን አዙራ አየችውና «ምን ልብ ነው፣ የላም ኮቴ ነው እንጂ» አለች። ጎረቤቶቿን አስጠራች። ያን ቀን ከሁሉ በፊት የእሷን ግፊት ለካሁ፣ ከዚያ የእነሱን።

ማሽኗ ዛሬ መኪናዬ ውስጥ ናት፤ ወተቱንም አፍልቼ አምጥቻለሁ። ሶኬት ያለበትን የሚያሳየኝ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው።