አጋር «ደብል» ሲል ዝም አይባልም
(በማኅበራችን መዝናኛ ክፍል ለብሪጅ ተጫዋቾች የተደረገ ንግግር፤ በማኅበሩ ጸሐፊ)



በመዝናኛ ክፍላችን ከዳማውና ከኮንከሩ አጠገብ የብሪጅ ጠረጴዛ ከገባ ወዲህ ጨዋታው ተወዷል። ጠቡም አብሮ ገብቷል። የሚገርመው፣ ሰው የሚጣላው ከተቃራኒው ጋር ሳይሆን ከገዛ አጋሩ ጋር ነው። ዛሬ ከሚያጣሉት ነገሮች አንዱን ብቻ ለይቼ እናገራለሁ። ተቃራኒ «ሦስት» ብሎ ሲከፍትና አጋራችን «ደብል» ሲል እኛ ምን እንመልስ?

ለአዲሶቹ ባጭሩ ልበል። ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በ52 ካርታ የሚጫወቱት ነው። ለያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል። እጅ ሲመዘን አስ 4፣ ኬ 3፣ ኪው 2፣ ጄ 1 ነጥብ ይቆጠራል፤ ጠቅላላው 40 ነው። ካርታ ከመጣሉ በፊት ተራ በተራ ጥሪ አለ። «ሦስት ልብ» ያለ ሰው፣ ልብን ገዢ አድርጌ ከ13ቱ ዙር 9ኙን እወስዳለሁ ብሎ ተዋዋለ ማለት ነው። በስድስት ላይ ሦስት ይጨመራልና።

ታዲያ ገና ሲጀመር «ሦስት ልብ» ብሎ የከፈተ ሰው ጠንካራ እጅ ያለው እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው ሰባት ልብና ከ10 ያልበለጠ ነጥብ ነው። ዓላማው መንገድ መዝጋት ነው። እናንተ በአንድና በሁለት ደረጃ ቀስ ብላችሁ እንዳትነጋገሩ ቦታውን ይይዝባችኋል።

በዚህ ጊዜ አጋራችሁ «ደብል» ቢል፣ ይህን ሰው እንቅጣው ማለቱ አይደለም። «ጥሩ እጅ አለኝ፤ 13 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ይዣለሁ። ልብ ግን ጥቂት ነው ያለኝ። ከስፔድ፣ ከዳይመንድና ከአበባ የቱ ይሻላል? ንገረኝ» ማለቱ ነው። ጥያቄ ነው እንግዲህ፤ ጥያቄ ደግሞ መልስ ይፈልጋል።

ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው እጁን ያይና «ባዶ ነኝ፣ ምን አለኝና ልናገር» ብሎ ፓስ ይላል። ትሕትና መስሎት ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ይነቅዛል። ሒሳቡን እንየው። ተቃራኒዎቻችን ያልተጋለጡ ናቸው እንበል። ሦስት ልብ ያለ ደብል ቢሳካላቸው የሚያገኙት 140 ነው። ደብል ተብሎ፣ እናንተ ፓስ ብላችሁ ቢሳካላቸው ግን 530 ይወስዳሉ። በባዶ እጃችሁ «ሦስት ስፔድ» ብትሉና ሁለት ዙር ቢጎድልባችሁ፣ እናንተም ያልተጋለጣችሁ ከሆነ፣ የምትከፍሉት 100 ብቻ ነው። በደብል ሦስት ዙር እንኳ ቢጎድል 500 ነው፤ ያም ከ530 ያንሳል። ስለዚህ እጅ በደከመ ቁጥር መናገር ይበልጥ ግድ ይሆናል።

መልሶቹን በአራት ምሳሌ ላስረዳ። በሁሉም ተቃራኒ «ሦስት ልብ»፣ አጋራችሁ «ደብል»፣ ቀጣዩ ተቃራኒ «ፓስ» ብሏል።

1ኛ፤ ስፔድ 9፣7፣5፣3። ልብ 8፣6፣4። ዳይመንድ 7፣5፣2። አበባ 9፣6፣3። ነጥብ የለም። መልሱ «ሦስት ስፔድ» ነው። አራት የያዛችሁት እሱን ነው፤ ሦስት ላይ ሊጠራ የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። ዳይመንድና አበባ አራት ላይ መጠራት አለባቸው።

2ኛ፤ ስፔድ አስ፣ ኪው፣8፣6፣4። ልብ 7፣3። ዳይመንድ ኬ፣ ጄ፣5። አበባ 8፣6፣2። አሥር ነጥብና አምስት ስፔድ ነው። ይኼ ሰው «ሦስት ስፔድ» ካለ በደለ። በባዶ እጅም የሚባለው ያው ስለሆነ አጋሩ ልዩነቱን በምን ያውቃል? መልሱ ዘሎ «አራት ስፔድ» ነው። የዛሬው አቆጣጠር በ1925 እ.አ.አ. በአሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተበጀ ነው፤ ትልቁ ጉርሻ የሚሰጠው ለተዋዋሉበት ብቻ ነው። ሦስት ስፔድ ብሎ አሥር ዙር የወሰደ 170 ያገኛል። አራት ብሎ ያንኑ አሥር የወሰደ 420 ያገኛል። አባቶቻችን ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት እንዲህ ላለው ሰው ነው።

3ኛ፤ ስፔድ ኪው፣5። ልብ አስ፣10፣4። ዳይመንድ ኬ፣ ጄ፣8፣3። አበባ ኪው፣9፣6፣2። አሥራ ሁለት ነጥብ አለ፤ ልቡንም የሚያቆም አስ አለ። መልሱ «ሦስት ያለ ገዢ» ነው። በዳይመንድ ወይም በአበባ ጉርሻው ላይ ለመድረስ 11 ዙር ያስፈልጋል፤ ያለ ገዢ ግን 9 ይበቃል።

4ኛ፤ ስፔድ 7፣4። ልብ ኪው፣ ጄ፣10፣9። ዳይመንድ አስ፣8፣5። አበባ ኬ፣7፣6፣3። ፓስ የሚባለው እዚህ ነው። ይህ ፓስ ግን ዝምታ አይደለም፤ አስቦ መቅጣት ነው። ከፋቹ ከእናንተ ቀጥሎ የሚጥል ስለሆነ፣ ልባችሁ እንዲህ ተከታታይና ጠንካራ ካልሆነ አትሞክሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀጣዩ ተቃራኒ ፓስ በማለት ፋንታ «አራት ልብ» ካለ የመናገር ግዴታችሁ ይነሳል። አጋራችሁ እንደገና ዕድል ያገኛልና፣ የሚባል ነገር ከሌላችሁ ፓስ በሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ደብል ባዩ ልመለስ፤ ጥፋቱ የመላሹ ብቻ አይደለም። ሦስት ላይ ደብል ያለ ሰው ከአጋሩ ስድስት ሰባት ነጥብ አገኛለሁ ብሎ አስቀድሞ ቆጥሯል። አጋሩ «ሦስት ስፔድ» ሲለው ደስ ብሎት «አራት» ካለ ያንኑ ነጥብ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከተናገረው በላይ ትርፍ ከሌለው ያቁም። አጋሩ ባዶ እጅ ዘርግቶ ሲያይም አይቆጣ። መልስ የጠየቀው እሱ ነው፤ የተጠየቀውም በሥርዓቱ መልሷል።

በመጨረሻ ስለ አነጋገር። «ደብል» በጩኸትም በሹክሹክታም ቢባል ትርጉሙ አንድ ነው። በድምፅ፣ በቅንድብ፣ ካርታን ጠረጴዛ ላይ በመምታት ለአጋር ምልክት መስጠት በጨዋታው ሕግ ክልክል ነው። ከዚህም ሌላ በጥሪ ያልታመነ አጋር በቅንድብ አይታመንም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ውጤት ከመጻፋችሁ በፊት ጥፋተኛ አትፈልጉ። የተባለውን ጥሪ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ቁጠሩት፤ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ማን ምን እንደመለሰ ራሱ ይናገራል። አራቱን እጆች ከሰሌዳው ላይ ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ሞክሯቸው።