አቧራው ከመነሻው ይያዝ
(በዓመታዊው የወጣቶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራው ስለ እንጨት ሥራ ቤት አቧራ ነው። ብዙ ሰው «ሰጋቱራ ምን ያደርጋል፣ ተጠርጎ ይወጣል» ይላል። የሚጠረገውስ ባልከፋ፤ ክፉው የማይታየው ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ ግን አየር ላይ ለረጅም ጊዜ ተንሳፎ ይቆያል፣ ከትንፋሻችን ጋርም ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት አቧራ ካንሰር እንደሚያመጣ አሳውቋል፤ በተለይ የአፍንጫ ካንሰር።

«አቧራ መሳቢያ ማሽን አለን እኮ» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ መዳፋችሁን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቃችሁ እፍ በሉበት። ነፋሱ ተሰማችሁ? አሁን ደግሞ አየሩን ወደ ውስጥ ሳቡ። ምንም የለም፣ አይደል? እፍ ያልነው አየር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የምንስበው ግን ከየአቅጣጫው ይመጣል። የመሳቢያ ቱቦም እንደዚሁ ነው። ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ከአፉ 10 ሴንቲሜትር ስንርቅ የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢጮህ፣ የቱቦው አፍ አቧራው ከሚነሳበት ካልተጠጋ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ነገር ቱቦው ነው። ፍቅፋቂው መንገድ ላይ እንዳይቀር አየሩ በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል መሮጥ አለበት። በዚህ ፍጥነት ባለ 10 ሴንቲሜትር ቱቦ በሰዓት 565 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያሳልፋል፣ ባለ 15ቱ ግን 1270 ገደማ። ጠባብ ቱቦ ማሽኑን ያንቀዋል። ለደካማ ማሽን ሰፊ ቱቦ ብንሰጠው ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንስና ፍቅፋቂው ቱቦው ውስጥ ይተኛል። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ቢሆን ይሻላል፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ጉልበት ይበላል።

ሦስተኛው ማጣሪያው ነው። ከረጢቱ ስስ ከሆነ ትልልቁን ያስቀርና ደቃቁን መልሶ ቤቱ ውስጥ ይበትነዋል። ወለሉ ንጹሕ፣ አየሩ ግን ቆሻሻ ይሆናል።

ወጣቶች፣ ሥራ በጀመራችሁበት ቀን ቱቦው የት እንደሚገጠምና ማጣሪያው መቼ እንደሚቀየር ጠይቁ። እኛ አለቃ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል፣ ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን። ሳምባ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ወላጆችም ልጃችሁን «ደመወዝህ ስንት ነው?» ስትሉት «የምትተነፍሰውስ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጨምሩበት።