የእንግሊዝኛ ግሥ አመራረጥና የእኛ አማርኛ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትክክለኛውን ግሥ ስለ መምረጥ ነው። ዳሩ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ከጀመረ ወዲህ፣ በአገራችን አብዛኛው የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ግሥ የሳተ ተማሪ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ ይቈጠራል።

አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ታሞ ፈተና አመለጠው። «ነገ እመጣለሁ በልልኝ» ብሎም በጓደኛው በኩል ወደ መምህሩ ላከ። መልእክተኛውም «ሂ ሴድ አይ ዊል ከም ቱሞሮው» ብሎ ተናገረ። መምህሩ ነገ የሚመጣው መልእክተኛው ራሱ መሰላቸው። በማግስቱ በሽተኛው እየተጎተተ ሲደርስ የሚጠብቀው የፈተና ወረቀት አልነበረም። ነገሩ በተሰማ ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፤ መልእክተኛው ግን ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ እጁን ማንሣት ተወ።

ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። አማርኛ የሌላውን ሰው ቃል ሲያደርስ በተናጋሪው አፍ «እመጣለሁ አለ» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ወደ «ሂ»፣ ግሡንም ወደ ኃላፊ መልሶ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ከም» ይላል።

እንደዚሁም እኛ «ዘወትር ይሄዳል»፣ «ነገ ይሄዳል» ስንል ግሡ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለልማዱ «ሂ ጎውዝ»፣ ለትንቢቱ «ሂ ዊል ጎው» ብሎ ይለያል። በልማዱም ላይ ያችን የመጨረሻዋን «ዝ» የምንረሳት ብዙዎች ነን። ደግሞም በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ነውር የለበትም። ይህንኑ ቃል በቃል መልሰን «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብንል ግን እንሳሳታለን። «ትናንት» ብለን ያለፈውን ጊዜ ከጠራን፣ የሚገባው «አይ ሶው ሂም የስተርዴይ» ነው።

ይሁን እንጂ አማርኛችን ሁልጊዜ መሰናክል አይደለም። ብዙዎቻችን መጽሐፍ ስንፈልግ «ቦሮው ሚ» እንላለን። አዋሰና ተዋሰ ሁለት መሆናቸውን ግን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። የሚያውሰው «ሌንድ»፣ የሚዋሰው «ቦሮው» መሆኑን ብናስታውስ፣ ይህ ስሕተት በአንድ ቀን ይቀራል።

ስለዚህ ግሡን ከመምረጣችን በፊት፣ አድራጊው ማን ነው? ጊዜውስ መቼ ነው? ብለን እንጠይቅ። መልሱን የምንፈልገውም ከአማርኛው ቃል ሳይሆን ከነገሩ ይሁን።

ክቡራን መምህራኖቻችንን የምንለምነው፣ የግሡን ስሕተት ሲያርሙ የተማሪውን ዕውቀት ለብቻው እንዲመዝኑልን ነው። ለራሳችን ለተማሪዎች የምንለው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ያን መልእክተኛ ዝም ያሰኘው ሰዋስው ሳይሆን የእኛ ሳቅ ነው። ግሥ በአንድ ሳምንት ይታረማል፤ ያፈረ ሰው ግን በቶሎ አይናገርም። እንግዲህ ጓደኛችን ሲሳሳት መሳቃችንን ትተን፣ ለብቻው ጠርተን ትክክለኛውን እንንገረው፤ እኛም ስንታረም አንቀየም።