አፈርን በእንፋሎት ስለ ማጽዳት

(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰበሰብን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው ስለ አፈር ነው። ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ቤቱ የችግኝ መደብ ላይ ነው። ለወላጆች ይታደላል ተብሎ የተዘራው ጥቅል ጎመን ከበቀለ በኋላ አንገቱ እየቀጠነ ተኝቶ ተገኘ። ዳግመኛ ዘራን፤ ዳግመኛም ወደቀ። ከመካከላችን የአንዱ አባት ይህን ችግኝ ተስፋ አድርገው መሬት ተከራይተው ነበርና፥ ነገሩ ለኛ የክፍል ፈተና ብቻ አልነበረም።

መምህራችን እንዳስረዱን፥ ይህን የሚያደርጉት ፒቲየምና ሪዞክቶኒያን የመሳሰሉ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ናቸው። አንድ ሰው ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ይዞ ሊሸጥልን መጣ፤ አልገዛንም። አፈር ለማጠን ብዙ ዘመን ያገለገለው ሜቲል ብሮማይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ እንኳ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ውስጥ በ1992 ገብቶ፥ ከጥቂት ልዩ ፈቃድ በቀር በበለጸጉት አገሮች በ2005፥ በታዳጊዎቹ በ2015 ከእርሻ እንዲወጣ ተደርጓል።

አባቶቻችን ከነገሩ ሩቅ አልነበሩም። የሸዋ ደጋ ገበሬ አፈሩን ከምሮ፥ ከውስጡ ኩበት አግብቶ፥ አጋይቶ ገብስ ይዘራ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን እሳቱ ብስባሹን አብሮ ስለሚበላው መሬቱ ለብዙ ዓመት ይደክማል። እንፋሎት አፈሩን ይቀቅለዋል እንጂ አያነደውም።

አሠራራችን ቀላል ነው። በበርሜል ውስጥ ድንጋይ ደርድረን፥ በላዩ የተበሳሳ ቆርቆሮ አኖርን። ከሥር ውሃ፥ ከላይ አፈር ሆነ። አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንነው እንጂ አልመረግነውም፤ የታፈነ እንፋሎት በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላልና፥ ታናናሾቻችን ይህን አደራ።

አንድ ግራም የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 540 ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን አፈር ነክቶ እንደ ገና ውሃ ሲሆን ያንኑ ሙቀት ለአፈሩ ያስረክባል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በሰበታ በ92፥ በሱሉልታ በ91 ገደማ ስለሚፈላ፥ ደጋነታችን እንዳይጎዳን ሠግተን ነበር። ነገር ግን ለአብዛኛው የበሽታ ተሐዋስያን 60 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት፥ ለአብዛኛው የአረም ዘር 80 ዲግሪ ይበቃል።

ቴርሞሜትር ስላልነበረን በአፈሩ መካከል ጥሬ ድንች ቀበርን። ድንቹ ሲበስል አፈሩም በስሏል ማለት ነው። (ድንቹን ማን እንደ በላው እስከ ዛሬ አልታወቀም።)

በመጀመሪያ ጊዜ አልተሳካልንም። ጥቁሩን የመረሬ አፈር ከነጓሉ ከተትነው፤ እንፋሎቱ በጓሉ ዙሪያ አለፈ እንጂ ወደ ውስጡ አልገባም፤ ድንቹም ጥሬ ወጣ። ሁለተኛውን አድቅቀን በሚገባ ቀቀልን፤ ነገር ግን ባልታጠበ መኮትኮቻ አገላበጥነውና በሽታውን በገዛ እጃችን መለስነው። ሦስተኛው ቆመ። ከጎኑ ባልተቀቀለው አፈር የተዘራው ግን አብዛኛው ወደቀ።

ጉድለቱንም አንሰውርም። እንፋሎት ክፉውን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ አሞንያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ስለዚህ ጥቂት የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለን፥ አፈሩን አሳርፈን ዘራን። ማገዶውም ቀላል አይደለም። ለአንድ በርሜል የፈጀነውን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ስናይ፥ ከእንጦጦ በጀርባቸው የሚያወርዱትን እናቶች አስበን አፍረናል። በዚህ መንገድ ማሳ ሙሉ መቀቀል ከንቱ ድካም ነው፤ ለችግኝ መደብ ብቻ ይሆናል።

የጓደኛችን አባት የጎመኑን ችግኝ ባለፈው ሳምንት ወስደዋል። በርሜሉ ቅዳሜ ጧት እንደ ገና ይጣዳል። አፈር በጆንያ ይዛችሁ ለምትመጡ ወላጆች እንቀቅላለን፤ አፈሩ የደቀቀ ይሁን፥ አንዳንድ ድንችም ያዙ።